የሚያስፈራው ጭራቁ ነው ወይስ ሰውየው?

አስፈሪ ልብ ወለድ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ደምና ጥርስ ነው። ስለዚህም «ጊዜ ማባከኛ» ብሎ የሚያልፈው አንባቢ ጥቂት አይደለም። የዘርፉን አንጋፋ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816፣ ገና በ18 ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉም በ1818 ታተመ። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስሙ ግን ጭራቁን የሠራው ተማሪ ነው፤ ፍጡሩ ስም እንኳ አልወጣለትም። በ1931 በወጣው ፊልም እያጉረመረመ ሲንገዳገድ የታየው ይህ ፍጡር፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ማንበብም ይችላል። ወደ ክፋት የገባው የሠራው ሰው መልኩን አይቶ ስለሸሸው፣ የተጠጋቸውም ሰዎች ስላባረሩት ነው።

ከዘመናዊዎቹ አሜሪካዊው ስቲቨን ኪንግ በ1977 ባሳተመው «ዘ ሻይኒንግ»፣ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በረዶ የዘጋውን ሆቴል በመናፍስት ሞልቶታል። እንቅልፍ የሚነሳው ግን ከመጠጥ ጋር የሚታገለው አባት ነው። ቤተሰቡ ሆቴሉን ከማየቱ በፊት የገዛ ልጁን ክንድ ሰብሯል። መናፍስቱም የሚገቡት በዚሁ ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ልጁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ ያገኘው ወላጅ ከመንጠቁ በፊት ጥቂት ገጽ ቢያነብ ይበጀዋል። ደም ከመርጨት በቀር ቁም ነገር ከሌለው ይተወው። ልጁን ስለ ከዳ አባት የሚተርክ ከሆነ ግን አብረው ያንብቡት። ልጁ አፍ አውጥቶ ያልጠየቀውን መጽሐፉ ጠይቆለት ይሆናል።