ከኦፕሬሽኑ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት

የዛሬው ጉዳያችን በጉባኤ መካከል የማይነሳ፣ በመኝታ ቤት ግን ስንቱን ትዳር ድምፅ ሳያሰማ የሚያደክም ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ገጹን አጠፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና ማታ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አንብቡት። ይህን የምለው ነገሩ አሳፋሪ ስለሆነ ሳይሆን የባልና የሚስት ጨዋታ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድም ከአሜሪካ ስልክ ደወሉልኝ። ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ከስኳር በሽታ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ፣ በአጥቢያቸው የሚከበሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት የብልት ተከላ ቀዶ ሕክምና አድርገው አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። አዲስ አበባ ላሉት ባለቤታቸው የነገሯቸው ግን “የቡአ ኦፕሬሽን ነው” ብለው ነው። “እብጠቱ አልጎደለም፤ ጠቁሯል፤ ደግሞም ያጠረ ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን እንዴ?” አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና “ለእርሷስ ምን ብዬ ልንገራት?” ብለው ጨመሩ። ስማቸውን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ሌላው ወንድም እንደ እርሳቸው በጨለማ እንዳይገባበት ብለው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባለትዳሮችን ሳማክር ከሐኪሞችና በዚህ መንገድ ካለፉ ሰዎች የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። የራሳችሁ ሐኪም ከዚህ የተለየ ካዘዛችሁ የእርሱን ስሙ።

ስንፈተ ወሲብ የምንለው ችግር ብዙ ጊዜ ከደም ሥርና ከነርቭ ይጀምራል። ለዓመታት ያልተስተካከለ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ኦፕሬሽን፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ብልት የሚሄደውን ደም ወይም ነርቭ ይጎዳሉ። አንዳንድ ወገኖች ይህን ሁሉ “መንፈስ ነው” ብለው ሰውየውን ከመድረክ ወደ መድረክ ሲያንከራትቱት አይቼ አዝኛለሁ። እንጸልያለን እንጂ፤ ግን ለደም ግፊታችንም እየጸለይን ክኒናችንን እንውጣለን። ሐኪም መጀመሪያ የሚሞክረው ክኒን ነው፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ሲልደናፊልና ዘመዶቹ። ካልሠሩ አየር እየሳበ ደም የሚያመጣ መሣሪያ አለ፤ በብልት ላይ የሚወጋ መርፌም አለ። ተከላው የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ሲያቅታቸው ወይም ሰውየው ሊጠቀምባቸው ሳይችል ሲቀር ነው።

በፈሳሽ የሚሞላውን ዓይነት ብራንትሊ ስኮት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1973 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። አሠራሩ ሲነገር ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ሁለት ለስላሳ ቱቦዎች በብልት ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። የጨው ውሃ የያዘች ትንሽ ከረጢት ከታችኛው ሆድ ውስጥ ትገባለች። ፓምፑ ደግሞ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ፣ በሁለቱ ፍሬዎች መካከል ይሆናል። ፓምፑን ደጋግመው ሲጫኑት ውሃው ወደ ቱቦዎቹ ይሄድና ብልት ይቆማል፤ መልቀቂያውን ሲጫኑ ውሃው ይመለሳል። ሁሉም ከቆዳ ሥር ስለሆነ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ያለ ፓምፕ የሚሠራ፣ በእጅ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታጠፍ ሌላ ዓይነትም አለ። ዋጋው ይቀንሳል፣ አጠቃቀሙም ይቀልላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ጠንካራ እንደሆነ ይኖራል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። ይህ ወደ ኋላ የሚመለስ መንገድ አይደለም። ቱቦዎቹ የሚቀመጡት ደም ይሞላው በነበረው ስፖንጅ መሰል አካል ውስጥ ነው። ያ አካል አንዴ ከተነካ በኋላ መሣሪያው ቢወጣ እንኳ ተፈጥሯዊው ነገር እንደ ቀድሞው አይመለስም።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ኦፕሬሽኑ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማደንዘዣው ሲነቃ የሽንት ቱቦ ተደርጎለት ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይወጣል። አንዳንድ ሐኪሞች መድማቱን ለመቀነስ መሣሪያውን በከፊል ሞልተው ይተዉታል። ይህን ሳይነገረው ያየ ሰው መሣሪያው ተበላሽቶ አልወርድ ያለ ይመስለዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ይህን ላለሳልስላችሁ አልፈልግም። የቆለጥ ከረጢት ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ጥቁረቱ ወደ ጭንም ሊወርድ ይችላል። መቀመጥ ያማል፣ መነሳት ያማል። ሐኪሞች በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ መያዝን፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ መልበስንና ብልትን ወደ እምብርት አቅንቶ ማስተኛትን ያዝዛሉ። ጠንካራ ማስታገሻ የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ውሃና አትክልት ማብዛት ነው። እንዲህ ያለውን ማስታገሻ እየወሰዱ መኪና መንዳት አይፈቀድም። ስለዚህ የወንድማችን የአሥራ ሁለተኛው ቀን እብጠት ብቻውን የጥፋት ምልክት አልነበረም። ለሐኪማቸው ደውለው እንዲያሳዩ ነገርኳቸው፤ አሳዩ፤ “በመዳን ላይ ነዎት” ተባሉ።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው። የውሃ ጄሪካን፣ የጤፍ ከረጢት፣ ሌላው ቀርቶ እየሮጠ የሚመጣ የልጅ ልጅ ማንሳትም ይቆያል። የአዳር ጸሎት ያለባችሁ ወንድሞች ተንበርክካችሁ ለሰዓታት ከመቆየት ተቀምጣችሁ ጸልዩ። የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ በዚህ ወቅት ጾም እንዳትይዙ፤ ቁስል የሚድነው ስኳሩ ሲስተካከልና ሰውነት ሲመገብ ነው። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅር።

በእኛ ባህል ደግሞ ጠያቂ አለ። ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው ቤት አጥቢያው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ “ምኑን ነው ያመመው?” የሚል ቢያንስ አንድ አይጠፋም። “ቀዶ ሕክምና አድርጌ ነበር፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ” ማለት ውሸት አይደለም። ለእድር፣ ለዘማሪዎች፣ ለቤት ለቤት ኅብረት ይህ ይበቃል። ለሚስት ግን አይበቃም።

ቁስሉ ሲጠግግ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ፓምፑን መጠቀም ያስተምራሉ። ብዙ ሐኪሞች ከዚያም በፊት ፓምፑን በየቀኑ በቀስታ ወደ ታች ሳብ ማድረግን ያዝዛሉ፤ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቀር ነው። የመጀመሪያው ትምህርት አስቂኝም አስጨናቂም ነው። ያማል፣ ጣት መልቀቂያውን ይስተዋል፣ ሰውየው ያልበዋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መሙላትና ማጉደል ይታዘዛል። እንደ መኪና መንዳት ነው፤ እጅ ይለምደዋል። ግንኙነት የሚፈቀደው ሐኪሙ አይቶ “አሁን ይቻላል” ሲል ነው፤ በአብዛኛው ከስድስት ሳምንት አካባቢ በኋላ። በሦስተኛው ሳምንት “እስቲ ልሞክረው” ያለ ሰው ቁስሉን ከፍቶ ሁሉን ሊያጣ ይችላል።

“አጠረብኝ” ለሚለው መልሱ እንዲህ ነው። ተከላው ብልትን አያስረዝምም። ብዙ ወንዶች ከወጣትነታቸው ጋር ሲያስተያዩት አጥሮ ያገኙታል። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው በሕመሙ ዓመታት ቀድሞ የሆነ ነው። ጫፉም እንደ ድሮው ላይሞላ ይችላል። የቆዳው ስሜትና እርካታው ግን ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበረው በአብዛኛው ይቆያል፤ ዘር መፍሰሱም እንደዚሁ። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው ግን ዘር አይፈስሰውም፤ ይህንንም ተከላው አይመልሰውም። ፍላጎትንም አይጨምርም። ማቆም እንጂ ማፍቀር አያውቅም፤ ለዓመታት የተኮራረፉ ሰዎችን ፓምፕ አያስታርቃቸውም።

እህቴ፣ አሁን ላንቺ ነው። ባልሽ ለዓመታት ጀርባውን ሲሰጥሽ ምን አሰብሽ? የወንድማችን ባለቤት ያሰቡትን ልንገርሽ። ወንድማችን ከተነጋገርን በኋላ በሦስተኛው ቀን ደውለው እውነቱን ነገሯቸው። እርሳቸውም ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ “እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር” አሉ። ከዚያ ተቆጡ። የተቆጡት ስለ ኦፕሬሽኑ አልነበረም፤ ስለ ቡአው ነው። “በሰውነትህ ላይ ይህን ያህል ነገር ስትወስን እኔ የት ነበርኩ?” አሉ። ልክ ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ስለ ባልና ሚስት የጻፈውን ብዙዎቻችን የመኝታ ግዴታን ለመጠየቅ ብቻ ነው የምናነሳው። የባል አካል የሚስትም ከሆነ ግን ከኦፕሬሽኑ ፊርማ በፊት መጠየቅም መብቷ ነው። ሐኪም ዘንድ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ሁለታችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት እንደ ፈተና እንዳይሆን። ወንድሜ፣ መሣሪያው ስለሠራ ብቻ ሚስትህ ዝግጁ ናት ማለት አይደለም። ለዓመታት ያልነካሃት ሴት ናት፤ ዕድሜዋም ከሃምሳ ካለፈ ድርቀት ሊኖር ይችላልና በፋርማሲ የሚገኝ ማለስለሻ ያስፈልጋችኋል። እህቴ፣ ደንዝዞ የሚቀር ብረት አይደለም፤ ፓምፑን አንቺ ራስሽ መጫን ትችያለሽ፣ የሚወዱት ባለትዳሮች አሉ። በጥናቶች ውስጥ ይህን ካደረጉ ወንዶች አብዛኞቹ፣ ሚስቶቻቸውም ጭምር፣ ደስተኞች መሆናቸውን ተናግረዋል። ያዘኑት ደግሞ ብዙ ጊዜ የወጣትነታቸውን አካል ጠብቀው የገቡት ናቸው።

የሚያስፈራው ነገር ኢንፌክሽን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚደረግ ተከላ ከመቶ ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት ለሚሆኑት ይደርሳል፤ ስኳራቸው ላልተስተካከለና መሣሪያ ለሚቀየርላቸው ከዚያ ይበልጣል። ትኩሳት፣ እየቀነሰ መጥቶ እንደገና የሚብስ ሕመም፣ መቅላት፣ መግል፣ ፓምፑ ከቆዳው ጋር መጣበቅ፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ እስከ ጠዋት አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ መሣሪያው መውጣት አለበት፤ በቶሎ ከተደረሰበት ግን ያለው ዕድል ይሻላል። ውጭ አገር ለመታከም የምታስቡም ይህን አስቡበት። ቢያንስ ቁስሉ እስኪድንና ፓምፑን መጠቀም እስክትማሩ ድረስ የምትቆዩበትን ጊዜና ገንዘብ አብራችሁ ቁጠሩ። መሣሪያው እንደ ማንኛውም ማሽን ያረጃል፤ ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ይሠራሉ፤ ከተበላሸ በሌላ ኦፕሬሽን ይቀየራል።

ወንድማችን በሦስተኛው ወር ተመለሱ። ሐኪሙ የመሣሪያውን ዓይነትና የተተከለበትን ቀን የያዘች ካርድ ሰጥቷቸዋል፤ ቦርሳቸው ውስጥ ነች። ወደፊት የሽንት ቱቦ የሚያስገባ ነርስ ወይም ታችኛ ሆዳቸውን የሚከፍት ሐኪም ቢያጋጥማቸው ከሁሉ በፊት ይህችን ካርድ ማሳየት አለባቸው። ባለቤታቸው ፎቶ ኮፒ አስነስተው አንዷን በራሳቸው ቦርሳ ይዘዋል።