አሮጌው ላንድክሩዘር ካፒታል ነው፤ ባለቤቱ ግን ኮፈኑን አይከፍትም

ጎንደር ፒያሳ በማለዳ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ለሚታዘብ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። ባጃጁና ሚኒባሱ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ከዚያም አልፎ ወደ ጃናሞራ ሰውና ዕቃ ይዞ የሚወጣው አሮጌው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ነው። ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ፣ ፓትሮል፣ አልፎ አልፎም ላንድሮቨር። ከእነዚህ መካከል በዕድሜ የባለቤቱን የበኩር ልጅ የሚበልጡ ሞልተዋል። ነገር ግን ጉልበታቸው ገና አላለቀም፤ ደጋው የሚሸጠው እህልና ድንች፣ ነጋዴው የሚያወጣው ሸቀጥ፣ የሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚመካው በእነሱ ነው።

የዚህ ንብረት ዋጋ የተሰቀለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ እስከ ዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሦስቱ ድምር ለባለመኪናው የሚነግረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም በእጁ ያለው አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ የሚሰበረው ዕቃም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ካፒታል የያዘ ሰው እንዴት ይይዘዋል? አብዛኛው ባለቤት ከመኪናው ጋር የሚገናኘው ነዳጅ ሲያልቅና ሞተር ሲቆም ብቻ ነው። ዘይቱን ሾፌሩ ያያል ተብሎ ይታመናል፤ ሾፌሩ ጋራዡን ያምናል፤ ጋራዡ ደግሞ መኪናው ተሰብሮ ሲገባለት እንጂ ሳይሰበር ሲውል ገቢ የለውም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ መኪናው ሳይሰበር እንዲቆይ ጥቅሙ የሚያስገድደው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ነው። ኮፈኑን የማይከፍተውም እሱው ነው።

ገበያው የማያየው ልዩነት

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አኬርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው አጭር ጥናት ያነጣጠረው በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። አማካይ ዋጋ ሲሰጠው ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይሸሻል፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። ሊቁ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የጎንደርን መኪና ገበያ የሚያውቅ ደላላ ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። «አንድ ሰው የነዳው ነው»፣ «የእርዳታ ድርጅት መኪና ነበር»፣ «ገጠር አልወጣም» የሚሉት ቃላት በየቀኑ ይነገራሉ፤ ማንም አያምናቸውም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባል ነበር። በዚህ ገበያ ግን ባለቤቱ ራሱ የመኪናውን ሁኔታ ስለማያውቅ፣ ሲሸጥ የሚመሰክርለት ማስረጃ የለውም። ሲገዛም የሚጠይቀውን አያውቅም።

በእጁ የሠራ፣ የሠራውንም በደብተር ያሰፈረ ባለቤት ግን ይህን መጋረጃ ይገልጠዋል። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ፊልትሮው ከየት እንደተገዛ ከነደረሰኙ የሚያሳይ ደብተር ከደላላው ምላስ ይልቅ ይታመናል። የቦሎ ወረቀት መኪናው በዓመት አንድ ቀን ደህና እንደነበር ይመሰክራል፤ ደብተሩ ስለ ቀሪዎቹ ቀናት ይናገራል።

ባለቤቱ በእጁ የሚሠራው

የሥራው መሣሪያ ስሙ ሳይቀር የቆየ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፊልትሮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሊማሊሞን ሰንጥቆ የወረደው የመኪና መንገድም የዚያው የወረራ ዘመን ሥራ ነው። ቃሉም መንገዱም ከ80 ዓመት በላይ አገልግለዋል፤ ሥራውም ለማንም የሚከብድ አይደለም።

የመጀመሪያው የሞተር ዘይት ነው። በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው «ዋን ኤች ዜድ» የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ወደ 10 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ቢቀየር፣ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና 4 ጊዜ ይቀይራል፤ ይህም ወደ 40 ሊትር ዘይትና 4 ፊልትሮ ነው። ወጪው ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ቢሆንም ይህን ወጪ ለማዳን አንዱን ቅያሪ የሚዘል ሰው 10 ሊትር ዘይት ቆጥቦ ሙሉ ሞተር ለአደጋ እንደሚያስይዝ ልብ ይሏል። በእጁ የሚቀይር ሰው ሌላም ጥቅም አለው። የገባው ዘይት ከታሸገ ጣሳ የወጣ መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው አየር ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,800 ይጠጋል፤ ከቡአሂት ሥር ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በደባርቅ ከፍታ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው አየር ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ከ4,000 በላይ ሲወጣ ሢሶው ይጎድልበታል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በበጋ አቧራ ከታፈነበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣ ይበላል፤ ዳገት ይፈራል። ባለቤቱ «ፖምፓው ተበላሽቷል» ተብሎ ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ፊልትሮውን አውጥቶ ቢያራግፍ ወይም ቢቀይር ስንቱን ባዳነ ነበር።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በጎንደር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ በደባርቅ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ እየጋለ ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው ያረጀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ውኃው ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከቴስታታ ጋር አይወዳደርም። ክዳኑ በብርድ እንጂ በጋለ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይከፈትም።

ናፍጣውም ውኃ ይይዛል፤ በተለይ በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ከሆነ። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ላላ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ባለመደረጉ የሚበላሸው ፖምፓና ኖዝል በመኪናው ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በውድነቱ ከሚጠቀሱት ነው።

ከክረምት በኋላ ደግሞ ግራሶ አለ። ወንዝ የተሻገረ፣ በጭቃ የሰነበተ መኪና ክሮቼራውና ባሌስትራው አዲስ ግራሶ ይሻሉ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ሲታይ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታልና ይቀየራል። የፊት ዲፈረንሻሉም ሳይሠራ ወራት እንዲቆም አይተውም፤ በወር አንድ ጊዜ በጭቃ ወይም በጠጠር መንገድ ላይ አስገብቶ ጥቂት መንዳት ዘይቱ እንዲዳረስ ያደርጋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይገባም፤ ካምቢዮውን ያስጨንቃልና።

ጎማ የሚገዛ ሰውም ጥርሱን ብቻ ማየቱ አይበቃውም። ከጎማው ጎን ላይ የታተመው ባለ 4 አኃዝ ቁጥር የልደት ቀኑን ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥ የሚጋለጠው በዚህ ቁጥር ነው።

ሊማሊሞ ምሕረት አያውቅም

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ፍሬን ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ካልተቀየረ፣ የሸራው ውፍረት ካልታየ፣ ሾፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረደ የጎደለውን የሚሞላለት የለም። በተሳፋሪና በጭነት ገቢ የሚያገኝ ባለመኪና ይህን ለሾፌሩ ብቻ ትቶ ቤቱ መተኛት የለበትም።

«ሥራ ለሠሪው» የሚሉስ?

ብዙ ነጋዴዎች «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ብለው ይከራከራሉ። ጊዜያቸው ከመካኒኩ ጊዜ ይበልጥ ያወጣል፤ ኢኮኖሚክስም የሥራ ክፍፍልን ይደግፋል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። የካምቢዮ፣ የፖምፓና የቴስታታ ሥራ የባለሙያ ነው። በ«ዋን ኤች ዜድ» ሞተር ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየረው የታይሚንግ ቺንጋም የባለሙያ ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉና። እነዚህን በእጁ ልሥራ የሚል ባለቤት ራሱን ይጎዳል።

የሥራ ክፍፍል የሚያዋጣው ግን አሠሪው የተሠራውን መመዘን ሲችል ነው። ዘይቱን አይቶ የማያውቅ ሰው ዘይቱ መቀየሩን በምን ያውቃል? በወር ሁለት ሰዓት እጁን የሚያጠቁር ነጋዴ የሚቆጥበው የመካኒኩን የእጅ ዋጋ ብቻ አይደለም። ጋራዥ ሲገባ ምን እንደተበላሸ የሚያውቅ ደንበኛ ይሆናል። ታማኙ መካኒክም ከዚህ ይጠቀማል፤ ሥራውን የሚያውቅለት ደንበኛ ያገኛልና። የሚጎዳው ያልሠራበትን የሚያስከፍለው ነው።

«መኪናዬ ቆሟል፣ ምን ልጠብቅ?» የሚሉም አሉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ በተካሄደው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህም በክልሉ በተነሳው ግጭት የእንግዳው እንቅስቃሴ ተዳክሞ፣ ለሰሜን ተራሮች ጉብኝት ይከራዩ ከነበሩት መኪኖች ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገብ ሲወጣ የታየው ተስፋ እንዲህ ባለ ጊዜ ይፈተናል። ይሁን እንጂ የቆመ መኪናም ያረጃል። ባትሪው ይሞታል፤ ፍሬኑ ይነክሳል፤ ጎማው በአንድ ጎን ይረግጣል። ሥራ በሌለበት ወቅት የባለቤቱ ጊዜ ርካሽ ነውና፣ በእጁ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው ተነስቶ መሄድ የሚችለው መኪና ነው።

ምን ይደረግ?

ባለመኪናው አንድ ደብተር፣ አንድ ሳጥን መፍቻና በወር አንድ እሑድ ይመድብ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ያድርግ፣ ለጎማውም ድንጋይ ይጣል። ያፈሰሰውን አሮጌ ዘይት በጣሳ ሰብስቦ ያስወግድ እንጂ ወደ ቦዩ አይልቀቀው፤ የአንገረብ ውኃ የከተማዋ መጠጥ ነው።

መለዋወጫ ነጋዴውም እዚህ ገበያ አለው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ክዳንና ግራሶ በአንድ ላይ አዘጋጅቶ ከነደረሰኙ የሚሸጥ ሱቅ የተሰበረ ዕቃ ከሚጠብቀው ይልቅ ቋሚ ደንበኛ ያገኛል። ደላላውም ቢሆን «ደብተር አለው» ማለት «አንድ ሰው የነዳው ነው» ከማለት የተሻለ ኮሚሽን እንደሚያስገኝለት የሚረዳበት ቀን ሩቅ አይመስልም። ገዢው ደብተሩን መጠየቅ ሲጀምር ሻጩ መጻፍ ይጀምራል፤ የሚጽፍ ሻጭም ኮፈኑን መክፈቱ አይቀርም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ነበር። ለአሮጌው ላንድክሩዘርም ያው ነው። ልዩነቱ፣ የተቃጠለ ቤት በአገር እንጨትና ጭቃ ይሠራል፤ የተቃጠለ ሞተር ግን ዶላር ይጠይቃል።