ጥላው እያለ መሣሪያ ይጠበቃልን?

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትምዎ ስለ ባሕር ዳር ዘንባባዎች የወጣውን ሐተታ በጣና ዳር ተቀምጬ ሳነብ፣ ጸሐፊው «የዛፎቹ ቁመት መለኪያ መሣሪያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ አይታወቅም» ማለታቸውን ስመለከት፣ ዝምታው ኅሊናዬን ስለ ከበደው ብዕር አነሣሁ።

ለመሆኑ ያን ቃል ሲጽፉ ፀሐይ አልወጣችም ነበርን? እኔ ትናንት በ10 ሰዓት 3 ክንድ የሚሆን መቋሚያዬን በደጃፌ ካለው ዘንባባ አጠገብ ቀጥ አድርጌ ብተክለው ጥላው 4 ክንድ ሆነ፤ ባጃጆቹ እስኪያልፉ እየጠበቅሁ የዘንባባውን ጥላ ብሰፍር 32 ክንድ አገኘሁ። የፀሐይ ጨረር ለመቋሚያውም ለዘንባባውም በአንድ ማዕዘን ስለሚወርድ፣ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች በመጠን እንጂ በመልክ አይለያዩምና የዛፉ ቁመት 24 ክንድ ነው።

የግሪኩ ታሌስ የምስርን ፒራሚድ በጥላው ለካ ይባላል። ነገር ግን ምን ሩቅ ያስኬደናል? አበው ካህናት በጾም ወራት የቅዳሴውን ሰዓት ለማወቅ የገዛ ጥላቸውን በገዛ ጫማቸው ሲሰፍሩ ኖረዋል፤ የየወሩም ልክ በብራና ተጽፎ ይገኛል። ረጅሙ ቄስና አጭሩ ዲያቆን ጎን ለጎን ቆመው ሲሰፍሩ ቁጥራቸው እምብዛም የማይራራቀው እግር ከቁመት ጋር ስለሚመጣጠን ነው፤ ይህ ምጥጥን ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

«በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ላይ ስለምትውል ጥላ የለም» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያስ በማለዳ ይለካዋ! «ነፋስ ጥላውን ያወዛውዘዋል» ለሚለኝም፣ በእርግጥ ከሐይቁ በመጣው ነፋስ የቅጠሉ ጥላ አንድ ስንዝር ያህል ወዲያ ወዲህ ብሎብኛል፤ በሁለቱ ዳር ጠጠር አኑሬ መካከሉን ያዝሁ። ከ32 ክንድ ላይ ግማሽ ስንዝር ብትጎድል ሐይቁ አይደርቅም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ የልጅ ልጄ የሚማርበት፣ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ጎነ ሦስትን በጥቁር ሰሌዳ ሲሥል ከርሞ፣ በግቢው መካከል የቆመውን የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ አንድ ቀን እንኳ ልጆቹን አውጥቶ አላስለካም። ልጁ ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል፤ ምሰሶው ስንት ክንድ እንደሆነ ብጠይቀው ግን ደብተሩን ይገልጣል።

ጸሐፊው 24 ክንድ ያልሁትን ከተጠራጠሩ፣ መሣሪያው እስኪደርስላቸው ድረስ መቋሚያዬን አውሳቸዋለሁ።

ከአንድ የባሕር ዳር አንባቢ