ለጋራው የቪዲዮ ሰርቨር ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንግዛ?

ሰባት ሆነን በተከራየነው ቤት ውስጥ ባለፈው ቅዳሜ ማታ የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ነገሩ ከሩቅ ለሚሰማው ተራ ይመስላል፤ ይኸውም ባዋጣነው ገንዘብ የትኛውን ኮምፒዩተር እንግዛ የሚል ነው። ዳሩ ግን ይህን የመሰለ ክርክር በሌሎችም የተማሪ ቤቶች እንዳለ ስለምሰማ፥ ገንዘቡም ከቀለባችን ተቆንጥሮ የወጣ ስለ ሆነ፥ አሳቤን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ወደድሁ።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ለምን እንዳስፈለገን ልናገር። ከመካከላችን አንዱ ደኅና ስልክ አለው። በመምህራኑ ፈቃድ ትምህርቱን በ4ኬ ይቀርጻል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደቃቅ ቁጥር ሁሉ እንዲነበብ ብሎ ነው። የስልኩ ፋብሪካ እንደሚለው፥ በ4ኬ፥ በሴኮንድ 30 ምስል፥ ኤች ኢ ቪ ሲ በሚባለው አጨማመቅ ሲቀረጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የ50 ደቂቃ ትምህርት እንግዲህ 8.5 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ምስል 3840 በ2160፥ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ አለው፤ ይህም ሙሉ ኤች ዲ ከሚባለው 4 እጥፍ ነው። ይህን ፋይል የአንዱ ጓደኛችን አሮጌ ስልክ ከነጭራሹ አይከፍተውም። የሌላው ላፕቶፕ ደግሞ ይከፍተውና እየተደናቀፈ ይቆማል። ስለዚህ ለሁላችን ተብሎ የተቀረጸው ትምህርት ደኅና መሣሪያ ላለው ብቻ የሚጠቅም ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ሰርቨሩ እንደ አስተርጓሚ በመካከል የሚገባው። ፋይሉን እየፈታ፥ ምስሉን እያሳነሰ፥ አሮጌው ስልክ በሚያውቀው ኤች 264 በሚባለው አጨማመቅ መልሶ ይጽፍለታል። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ስለ ሆነ የማያነበው መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ኤች ኢ ቪ ሲ ግን የ2013 ልጅ ነው። ይህ መልሶ የመጻፍ ሥራ ትራንስኮዲንግ ይባላል። ተመልካቹ እያየ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አንድ ሴኮንድ እንኳ መዘግየት አይፈቀድለትም።

ከጓደኞቼ እኩሌቶቹ የተመኙት ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ትልቅ ሰርቨር ነው። «ይህን የሚያህል መሥሪያ ቤት ሲያስተዳድር የኖረ መሣሪያ የኛ ቪዲዮ ምን ይከብደዋል?» ይላሉ። አነጋገሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የጉልበት ብዛት ሳይሆን የሙያ ዓይነት ነው። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ፥ አብሮ ከተሠራው ግራፊክስ ጋር፥ ቪዲዮ ከመፍታትና ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ የሌለውን ክፍል ጨምሯል፤ ስሙም ኩዊክ ሲንክ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ያለበት ትንሽ የቢሮ ኮምፒዩተር የሚሠራውን፥ ክፍሉ የሌለው ትልቅ ሰርቨር ፕሮሰሰሩን ሁሉ አስጨንቆ፥ ማራገቢያውን እንደ ወፍጮ እያስጮኸ ይሠራዋል። የነዚያ ትልልቅ ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ የለውም።

የፕሮሰሰሩን ትውልድ መጠየቅ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መውጣት የጀመረው 7ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡት፥ አዲሶቹ ስልኮች የሚቀርጹትን ባለ 10 ቢት ኤች ኢ ቪ ሲ ሳይቸገሩ ይፈታሉ። ከዚያ በፊት ያለውን ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው።

ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ትውልዱ 9ኛ፥ ዋጋውም መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የምትል ፊደል እንዳለች ልብ አላልሁም። ያች ፊደል ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ነጋዴው ለስክሪን ብቻ የምታገለግል አሮጌ ካርድ ሰክቶበት ነበር። አንድ ሰው ሲከፍት እንደ ምንም ተወጣው፤ ሁለተኛው ሲከፍት ግን ሁለቱም ላይ ምስሉ ቆመ። የፈተና ዋዜማ ነበረና የተባልሁትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ሌሎች ደግሞ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ እንግዛ ይላሉ። ካርዱ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ አልክድም። ለሥዕል ንድፍ ወይም ለሌላ ጥናት ብሎ አስቀድሞ የገዛ ሰው ካለ ይጠቀምበት። ለዚህ ጉዳይ ብቻ አዲስ መግዛት ግን ለአንድ ኪሎ ስኳር የጭነት መኪና እንደ መከራየት ነው። ራስበሪ ፓይ 5 የምትባለዋን ትንሽ ሰሌዳ ያነሣም ነበር፤ እርስዋ ግን ኤች ኢ ቪ ሲን ትፈታለች እንጂ መልሳ የምትጽፍበት ክፍል የላትም።

የመብራቱን ነገር ማንም አላነሣውም። ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ መሣሪያ ለያንዳንዱ ዋት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ትልቁ ሰርቨር ሥራ ፈትቶ ሳለ 100 ዋት ቢወስድ በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ትንሹ 10 ዋት ቢወስድ ከ88 አይበልጥም። ቆጣሪውን ከአከራያቸው ጋር በጋራ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ይህ ልዩነት በወር መጨረሻ ምን ዓይነት ንግግር እንደሚያስከትል ያውቁታል። መብራት ሲጠፋም መጠነኛ ዩ ፒ ኤስ ትንሹን ኮምፒዩተር ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል፤ ትልቁን ግን ወዲያው ይጥለዋል።

እንግዲህ የኔ ምርጫ 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ ትውልድ ያለው፥ «ኤፍ» ያልተጻፈበት፥ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ኮምፒዩተር ነው። አዲስ ካልሆነ የሚል ቢኖር፥ በ2023 የወጣው ኤን 100 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የተገጠመባቸው ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አሉ፤ ፕሮሰሰሩ የተመደበለት 6 ዋት ብቻ ሲሆን ኩዊክ ሲንክም አለው። በላዩ የሚጫነው ፕሮግራም ጄሊፊን ቢሆን ነፃ ነው። ፕሌክስ ግን በኩዊክ ሲንክ ለመሥራት ክፍያ ይጠይቃል፤ ያንን በውጭ ምንዛሪ ከየት እናመጣለን? በጄሊፊንም ቢሆን ኩዊክ ሲንክ ሲጫን ጠፍቶ ስለሚገኝ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ይህን ረስቶ «ኮምፒዩተሩ ደካማ ነው» የሚል ሰው አይታጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን፥ ተመልካቹ እያየ የሚደረገው ትራንስኮዲንግ ራሱ ለኛ ብዙም አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ያንኑ ትምህርት አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሲከፍት አምስት ጊዜ መልሶ መጻፍ ምን ይባላል? ሁላችን በተኛንበት ሌሊት አንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ኤች ዲና ወደ ኤች 264 ቢገለበጥ፥ ጧት ሰርቨሩ ማደል እንጂ ሌላ ሥራ የለበትም። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሆነ የ50 ደቂቃ ግልባጭ 1.5 ጊጋባይት ያህል ነው። ዋናውን የ4ኬ ፋይል አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍተው በሴኮንድ ከ110 ሜጋቢት በላይ ስለሚሆን የቤታችን ባለ 100 ሜጋቢት ራውተር አይችለውም፤ ግልባጩ ግን ለአምስቱም 20 ይበቃዋል።

አንድ ጓደኛዬ «ሲያንስ ደቃቁ ፊደል ይጠፋል» ሲል ተቃውሞኛል። እውነት አለው፤ በተለይ ከኋላ ወንበር ሲቀረጽ። ስለዚህ ዋናው ፋይል አይጣል፤ ፊደሉ ያልታየው ሰው ያን ቦታ ብቻ ከዋናው ይክፈት፥ ሰርቨሩም ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ያስተርጉም። ለአንድና ለሁለት ሰው ትንሹ ኮምፒዩተር ከበቂ በላይ ነው። ከትልቁ ሰርቨር የሚተርፈው ገንዘብም ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይግዛ፤ የአንድ ዓመት ትምህርት ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያ ዲስክ ቢበላሽ ማን ምን ሊል ነው?

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ትልቁ ሰርቨር ቢያሸንፍ ድርሻዬን እከፍላለሁ፤ ነገር ግን ከመሰካቱ በፊት የቆጣሪው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በር ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ።