ማሽኑ ገብቷል፤ አያያዙስ?

የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት እየሰፋ መምጣቱን ተከትሎ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ወደ ገጠር ቀበሌዎች በብዛት እየገቡ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የሞተሮቹን ዕድሜ የሚወስነው ቁጥራቸው ሳይሆን አያያዛቸው ነው።

ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ አሉሚኒየም ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። የሞተር ቴስታታ ግን በብሎን የታሰረ በመሆኑ እንደ ልቡ መለጠጥ አይችልም። ሲሞቅ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጠራል። በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊትም ይታከልበታል። አንዱ ለብቻው የማይጎዳውን ብረት ሁለቱ ሲፈራረቁበት ያደክሙታል። ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምርና ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል።

በመሆኑም ብልሽቱ በአንድ ቀን የታየ ቢመስልም የልማድ ውጤት ነው። ሞተሩን እንደተነሣ ከባድ ጭነት ላይ ማዋል፣ ከከባድ ሥራ በኋላ በድንገት ማጥፋት፣ በጋለ ራዲያተር ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ድካሙን ያፋጥናሉ።

መዘዙ ከጋራዥ ወጪ ያልፋል። ስንዴ በሚያብብበት ጊዜ ውኃ ካጣ ምርቱ ይቀንሳል፤ መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ከሆነ ማሳው እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከሥራ በፊትና በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ጭነት ማሠራት የሚጠይቀው ጥቂት ነዳጅ ነው። ስለሆነም የማሽን አቅርቦት ከአያያዝ ሥልጠና ጋር ሊተሳሰር ይገባል፤ አለዚያ አርሶ አደሩ የሚረከበው ሞተር ብቻ ሳይሆን የነገ ዕዳም ጭምር ይሆናል።