ከነጥብ በኋላ ያለችው አኃዝ

በአዲስ አበባ አስፋልት ዳር ሚዛን አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑትን ልጆች አከብራቸዋለሁ። ሳንቲማቸውን ይቀበላሉ፤ ኪሎውን ይናገራሉ፤ በቃ። ስንቱ ሥጋ፣ ስንቱ ስብ እንደ ሆነ አይፈርዱም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን የማያውቀውን አውቃለሁ በሚለው፣ በየመኝታ ቤታችን በተጋደመው ባለ መስተዋት ሚዛን ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም ክብደት እንድቀንስ መክሮኝ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ 84 ኪሎ፣ 28 ከመቶ ስብ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 80 ኪሎ፣ 29.4 ከመቶ ስብ አለኝ። እናስላው፦ የ84 ኪሎ 28 ከመቶ 23.5 ኪሎ ነው፤ የ80 ኪሎ 29.4 ከመቶም ያው 23.5 ኪሎ ነው። እንግዲህ በሚዛኑ ቃል ከሄድን ያጣሁት 4 ኪሎ በሙሉ ከሌላው አካሌ የሄደ ነው፤ ከስቤ ቅንጣት አልተነካም ማለት ነው። ይህን ያጫወትሁት ወዳጄ «ቁጥር አይዋሽም» አለኝ። እኔም አምኜ እራት ተውሁ። ቀጥዬ ቁርስ ተውሁ። አንድ ቀን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ግድግዳ ባልይዝ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁም ነበር።

ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምን ይለካል? ስብን አይደለም። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር የማይሰማ ደካማ ኮረንቲ ይሰድና ምን ያህል እንደ ተገታ ይመዘግባል። ውኃና ጨው ያለበት ሥጋ ኮረንቲን ያሳልፋል፤ ስብ ይገታል። የተለካው ይኸው ብቻ ነው። የቀረው ግምት ነው፦ ቁመትህን፣ ዕድሜህን፣ ጾታህንና ክብደትህን ደምሮ፣ በሌሎች ሰዎች አካል ላይ ከተሠራ ቀመር ጋር አዛምዶ፣ ስብ አልባው አካል 73 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው ብሎ ይነሣል። ያ የውኃ ድርሻ በተዛባ ቁጥር ስሌቱም አብሮ ይዛባል። ኮረንቲው በአመዛኙ የሚጓዘው በእግሮች በኩል መሆኑን ደግሞ ልብ በሉልኝ። እኔን ያሳሰበኝ ቦርጬ ነው፤ ሚዛኑ የሚጠይቀው ግን ባቴን ነው!

«ቁጥሩ ልክ ባይሆንም አካሄዱን ያሳያል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሕተቱ ባለበት ቢቆም ኖሮ እውነታቸውን ነበር። ክብደት በሚቀንስ ሰው ላይ ግን ስሕተቱ ራሱ ይጓዛል። ምግብ ስንቀንስ መጀመሪያ ከሚሄደው ውስጥ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን አለበት፤ እርሱም የራሱን ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ አስከትሎ ይወጣል። ውኃ ሲጎድል ኮረንቲው ይበልጥ ይገታል፤ ሚዛኑም ውኃ ያጣውን አካል «ስብ ጨመረ» ብሎ ይፈርድበታል። ሰውየው እየከሳ መሣሪያው ወፈርህ ይለዋል። በወራት ርቀት የሚታይ አካሄድ እንኳ ጥቂት ሊረባ ይችላል፤ የዛሬና የትናንት ልዩነት ግን የውኃ ወሬ ነው።

መቆንጠጫው ይሻላል የሚለኝም አልጠፋም። በሠለጠነ እጅ አዎን። ጃክሰንና ፖሎክ በ1978 እ.ኤ.አ. ለወንዶች ያወጡት ስሌት በአሜሪካውያን ላይ ተሠርቶም ቢሆን ዛሬም ያገለግላል፤ ነገር ግን በሠለጠነ ሰው እጅም 3 እና 4 ከመቶ መሳሳቱ ያለ ነው። እኔ የገዛ ቆዳዬን በመስተዋት ፊት እያጣመምሁ ስቆነጥጥ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

የሚያናድደኝ ግምት መሆኑ አይደለም። ሐኪምም ይገምታል፤ ገበሬም ሰማይ አይቶ ይገምታል። የሚያናድደኝ ከነጥብ በኋላ ያለችው ያቺ አራት ናት። ብዙ ከመቶ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ግምት አንድ አሥረኛ ለይቶ እንደሚያውቅ ሆኖ ሲቀርብ ድፍረት ነው፤ እኔንም ከእራቴ ያስነሣችኝ እርሷው ናት።

በዚያው ሰሞን እናቴ ቤት ሄድሁ። ገና ከበሩ «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? አሞህ ነው?» አለችኝ። ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ገብቶ ነበር። ከሳጥኗ የልብስ መስፊያ ሜትሯን ተቀብዬ ተመለስሁ። አሁን በየእሑድ ጠዋት፣ ምግብ ሳልቀምስ፣ እምብርቴ ላይ እለካለሁ፤ ከሚዛኑም ኪሎውን ብቻ አነባለሁ። እራቴንም እበላለሁ።

ወዳጄ ግን አልተረታም። ባለፈው ሳምንት እቤቴ መጥቶ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ 31.2 ከመቶ አለው። ፊቱ ጠቆረ። በሚዛኑ ላይ «ስፖርተኛ» የሚል ምርጫ እንዳለ፣ እርሱን ሲነኩት ቀመሩ እንደሚለወጥ ነገርሁት። እስቲ አለና ነካው፤ እንደገና ወጣ። ያው ሰው፣ ያው ሆድ፣ ያው ደቂቃ፦ 24.8። ከልጅነቱ ጀምሮ ኳስ ሲያባርር አይቼው አላውቅም። «አየህ፣ ይኼኛው ነው ትክክሉ» ብሎኝ ጫማውን አጠለቀ።