ሽምብራችን በቆርቆሮ ታሽጎ ሲመጣ

ስለ ሽምብራ በጋዜጣ መጻፍ ምን ያስፈልጋል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሽምብራን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቆሎም፥ በንፍሮም፥ በሽሮም ስለምናውቀው፥ ስለ እርሱ የሚነገር አዲስ ነገር ያለ አይመስልም። እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን በቁስቋም ያየነው አንድ ትንሽ ነገር ነው።

ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩበት የጎንደር ኮረብታ ነው። በዚሁ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወዳጃችን፥ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከትልቅ መደብር የገዛትን አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ይዞ መጣና ጋበዘን። ቆርቆሮዋን ከፍቶ በሳሕን ከገለበጠ በኋላ ለቤቱ ባለቤት ለእናት አቅርቦ፥ «እማማ፥ ይህ ሑሙስ ይባላል፤ የዐረብ አገር ምግብ ነው፤ እስቲ ይቅመሱት» አላቸው። እርሳቸውም በቁራሽ ዳቦ ጠቅሰው ቀመሱና ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ይህማ ሽምብራ ነው፤ ስንት ከፈልክበት?» ሲሉ ጠየቁት። ዋጋውን ሲነግራቸው፥ በዚያ ገንዘብ ከቅዳሜ ገበያ ምን ያህል ሽምብራ እንደሚሸመት በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ወዳጃችን ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ነገር ግን ወደየቤታችን ስንመለስ ሳቁ እየቀረ ጥያቄው አብሮን ሄደ።

በእውነቱ ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። ሑሙስ በዐረብኛ ቋንቋ ሽምብራ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የምግቡ ሙሉ ስም ሑሙስ ቢጣሒና ሲሆን፥ ይህም ሽምብራ ከሰሊጥ ልቁጥ ጋራ ማለት ነው። ሽምብራው ተቀቅሎ ይላቆጣል፤ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ፥ የሎሚ ጭማቂ፥ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባበታል፤ ዘይት ጠብ ይልበታል። ለዚህ ምግብ የሚቀርብ አሠራር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በግብፅና በሶርያ በተጻፉ የወጥ ቤት መጻሕፍት ይገኛል። የቁስቋም ስም ራሱ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም የመጣ እንደ መሆኑ፥ ከዚያው አገር የመጣ የሽምብራ ምግብ በዚህ ኮረብታ ቢገኝ እንደ ባዕድ ሊቈጠር አይገባውም። የሚያስደንቀው ምግቡ ከሩቅ አገር መምጣቱ አይደለም። የሚያስደንቀው የተሠራበት ነገር ሁሉ ከደጃችን እያለ በቆርቆሮ ታሽጎ እስኪመጣ መጠበቃችን ነው።

ከደጃችን አለ ስንል ለማጋነን አይደለም። ከቁስቋም ኮረብታ ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር ያለው የደንቢያ ጥቁር አፈር የሽምብራ አገር ነው። ሽምብራ ብዙ ዝናም የሚፈልግ ሰብል አይደለም፤ ክረምቱ ሲወጣ ይዘራና አፈሩ አምቆ ባስቀረው እርጥበት ያድጋል። በኅዳር 6 ቀን፥ ጾመ ጽጌ ተፈጽሞ የቁስቋም በዓል ሲከበር፥ ሽምብራው ገና በማሳው ላይ ለምለም ነው። በሥሩ የሚኖሩት ረቂቃን ሕዋሳትም ከአየር የወሰዱትን ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚያወርሱ፥ ገበሬው ሽምብራ በነበረበት መሬት ላይ የሚዘራው እህል ይጠቀማል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ በምትባል ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ የገብስና የሽምብራ ፍሬ ተገኝቶ፥ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ግድም እንደሚሆን ተገምቷል። እንግዲህ በዚህ አገር ሽምብራ ከፋሲል ግንብ በፊት፥ ከጎንደርም ከተማ በፊት የነበረ ነዋሪ ነው። ዛሬም ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ ሽምብራ በብዛት በማምረት የመጀመሪያዋ ናት።

ሰሊጡስ? ከጎንደር ወደ ምዕራብ ሲወርዱ የመተማ ቆላ የሰሊጥ ምድር ነው። የኢትዮጵያ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ላይ የሁመራ፥ የጎንደርና የወለጋ እየተባለ በየአገሩ ስም ይሸጣል። በኢየሩሳሌምና በናብሉስ ያሉ የጣሒና ሠሪዎች የሁመራን ሰሊጥ ከሁሉ አብልጠው እንደሚፈልጉ በንግዱ ዓለም የታወቀ ነው። ይህም ማለት፥ በዓለም ከተመሰገነው ሑሙስ ውስጥ የብዙው ጣዕም ከእኛው ቆላ የሄደ ነው ማለት ነው። ሰሊጡ በጆንያ ጥሬውን ይወጣል፤ ሌላው ይቆላዋል፤ ይፈጨዋል፤ በብልቃጥ ያሽገዋል፤ እኛም ብልቃጡን በውጭ ምንዛሪ እንገዛዋለን። የጎንደር እናቶች ግን በጾም ሰሊጥ ቆልተው፥ ወቅጠው፥ በጥብጠው ፍትፍት ሲያቀርቡ ኖረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው ለካ እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ ሽምብራውም ሰሊጡም ካለ፥ ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱም ከገበያ ካልጠፋ፥ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ማብሰሉ ነው። በዚህም ላይ ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛ የሚያቀርበው ምክንያት ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ደረቅ ሽምብራ አይበስልም፤ ከሰልና እንጨት ይጨርሳል፤ መብራትም ያስቈጥራል ይላል። ይህ የስንፍና ቃል ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮም የሚመሰክርለት ነገር ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ግን የአየሩ ክብደት እየቀለለ ስለሚሄድ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ቢፈላም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው በጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በደባርቅ ወደ 91 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ በሰሜን ተራራዎች አናት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እሳቱን ብናበዛው ውሃው በቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ሽምብራው ከድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደ ጠጠር ሆኖ ቢቈይ ጥፋቱ የሽምብራው ብቻ አይደለም።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ከተገኘ ቈይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1679 ዓ.ም. ዴኒስ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ በለንደን ሳለ፥ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋና እንፋሎቱን አምቆ የሚያበስል ድስት ለሊቃውንቱ አሳየ። ዛሬ ፕሬዠር ኩከር እያልን የምንጠራው የዚያ ድስት ልጅ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። በ93 ዲግሪ ይፈላ የነበረው የጎንደር ውሃ በዚህ ድስት ውስጥ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከባሕር ጠረፍ ሰው ይልቅ ለደገኛ የተሠራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሠራሩን እንደ ሞከርነው እናስረዳ። አንድ ብርጭቆ ሽምብራ በሰፌድ ይበጠርና ጠጠሩ ይለቀማል። ጓያ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነም ተለቅሞ ይጣል፤ ጓያን ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ደንቢያና ፎገራ በመከራ ያወቁት ነገር ነው። ሽምብራው ታጥቦ በሦስት ብርጭቆ ውሃ ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት እጥፍ ያህል አብጦ ሲገኝ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል። ከዚያ በድስቱ ውስጥ ይጨመርና ሦስት ጣት ያህል ከፍ እስኪልበት ድረስ አዲስ ውሃ ይደረግበታል። አንድ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት አረፋው ይቀንሳል። ሽምብራውና ውሃው በአንድነት ከድስቱ እኩሌታ ማለፍ የለባቸውም፤ አረፋና ቅርፊት ወጥቶ የእንፋሎቱን መተንፈሻ የደፈነ እንደ ሆነ አደጋ ያመጣልና።

እንፋሎቱ በኃይል መውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እሳቱ ይቀነስና፥ በባሕር ጠረፍ 15 ደቂቃ የሚበቃው የተዘፈዘፈ ነጭ ሽምብራ በጎንደር 20 ደቂቃ ይሰጠዋል። ትንንሹ ቡናማ የአገራችን ሽምብራ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ጥቂት ይጨመርለታል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋና ድስቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይተዋል። ክዳኑን በጉልበት ለመክፈት የሚቸኩል ሰው ፊቱንና እጁን ለፈላ ውሃ አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚህ ነገር ጥድፊያ የሚባል ጀግንነት የለም። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀበት ድስትም ጎማው ሳይለወጥለት እሳት ላይ መውጣት የለበትም። ሽምብራው በሁለት ጣት ሲጫኑት እንደ ቅቤ ከላላ በስሏል፤ ካልላላ ድጋሚ 5 ደቂቃ ይብሰል።

አራት ማንኪያ ሰሊጥ በምጣድ ላይ ሽታው እስኪያውድ ድረስ ብቻ ይታመሳል፤ ካረረ ይመራል። እርሱም በጥቂት ዘይት ይላቆጣል። መፍጫ ያለው በመፍጫ፥ የሌለው በሙቀጫ ይሥራው፤ ሙቀጫው ክንድ ያደክማል እንጂ ጣዕም አያጐድልም። ሽምብራው ገና ትኩስ ሳለ ከሰሊጡ፥ ከሁለት ሎሚ ጭማቂ፥ ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋራ ይደባለቃል፤ ከወፈረ የተቀቀለበት ውሃ በማንኪያ ይጨመርበታል። የቡናማውን ሽምብራ ቅርፊት መላጥ ያስቸገረው ሰው፥ እናቶቻችን ለወጥ የሚያዘጋጁትን የሽምብራ ክክ ይጠቀም፤ ቅርፊቱ አስቀድሞ የወለቀ ስለ ሆነ ልስልስ ይላል፤ ጊዜውም ያጥራል። የወይራ ዘይት አጣሁ ብሎ የሚያዝን ቢኖር የኑግ ዘይት ይጨምርበት። ሚጥሚጣ ቢነሰነስበትም የሚከስሰን ዳኛ የለም።

ይህን ስንል የሚቃወመን እንዳለ እናውቃለን። አንዳንዶች፥ «ሽሮአችን ምን ጐደለውና የሰው አገር ምግብ እንሠራለን?» ይላሉ። ሽሮ ምንም አልጐደለውም፤ ማንም ሽሮውን ይተው አላልንም። ነገር ግን አንድን እህል በሁለትና በሦስት መንገድ ማብሰል የሚችል ሰው ለዚያ እህል ዋጋ ጨመረለት እንጂ አልካደውም። ሌሎች ደግሞ በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ የበሰለ ንፍሮ ይጣፍጣል ይላሉ። እውነታቸው ነው። ይሁን እንጂ ያ ጣዕም በማን ጀርባ ላይ እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባል። ማለዳ ከጎንደር ዙሪያ ጋራዎች ጐብጠው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የከተማው ነዋሪ የለም። አንድ ድስት ንፍሮ ሁለት ሰዓት መንደዱ ቀርቶ ግማሽ ሰዓት ቢነድ፥ ከሸክሙ የሚቀነሰው ጥቂት አይደለም። ድስቱ ውድ ነው የሚለው ክርክር ግን ሚዛን አለው። ለአንድ ተማሪ በእርግጥ ውድ ነው። ሆኖም አራት ተማሪዎች በአንድ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ፥ በጋራ ገዝተው በተራ ቢጠቀሙበት ዋጋው በቈጠቡት ከሰል እየተመለሰ ይሄዳል።

እኛን ያሳሰበን ዋናው ነገር ግን ከከሰሉም የበለጠ ነው። የተማረው ወጣት ሽምብራን በቆርቆሮ ሲያየው ሥልጣኔ፥ በስልቻ ሲያየው ድህነት አድርጎ መቍጠር ጀምሯል። ከደመወዙ ላይ ቈርሶ የሚከፍለው ለሽምብራው አይደለም፤ ለቆርቆሮው፥ ለመርከቡና በላዩ ለተጻፈው ባዕድ ስም ነው። ይህ ወጣት ነገ በንግድ ወይም በእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ስለ ሰሊጥና ስለ ሽምብራ ወረቀት የሚፈርመው ሰው ነው። እህላችን በጥሬው ወጥቶ ተሠርቶ የሚመለስበትን ምክንያት በገዛ ማዕዱ ላይ ያላስተዋለ ሰው፥ በመዝገብ ላይ ሊያስተውለው እንዴት ይቻለዋል? በአንጻሩ ሽምብራውን አንድ ጊዜ በእጁ አብስሎ፥ ሰሊጡን በእጁ አላቍጦ የቀመሰ ሰው፥ በጆንያውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሌሊት መዘፍዘፍና የአንድ ጠዋት ሥራ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ያወቀ ሰው ደግሞ፥ ይህ ሥራ በጎንደርና በመተማ በትንሽ ፋብሪካ የማይሠራው ስለ ምንድን ነው? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከእርሱ የምንጠብቀውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ያ ወዳጃችን በሚከተለው እሑድ ድጋሚ ጠራን። በዚህ ጊዜ ቆርቆሮ አልነበረም፤ ከቅዳሜ ገበያ የመጣ ሽምብራ በሳሕን ቀርቦ ነበር። ጥቂት ወፍሯል፤ ሎሚውም በዝቷል። የቤቱ ባለቤት እናት ቀምሰው፥ «ጨው አነሰው እንጂ ይኸኛው የእኛ ነው» አሉ። ጨው መጨመር ቀላል ነገር ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ሁሉ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ሽምብራ ይዘፍዝፍ እንላለን።